መጠጡ ሲመዘን፣ ጠጪው ሲመዘን

«ሰው እንዴት መጠጥ ቀምሶ ይተፋል? ተፍቶስ እንዴት ነጥብ ይሰጣል?» ይህ ጥያቄ ከአገሬ ሰዎች ዘወትር ይቀርብልኛል። ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ፣ ከብራክፓን ከተማ አለፍ ብሎ በሚገኘው ጻካኔ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ለአንድ የመጠጥ መደብር ዕቃ የምመርጠው እኔ ነኝ። በዚህም ምክንያት ነጋዴ ብቻ በሚጋበዝባቸው የወይን ጠጅ ቅምሻዎች ላይ፣ ብርጭቆ በአንድ እጅ እርሳስ በሌላው ይዤ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በሳቅ ይታለፋል። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። በተወለድኩበትም ሆነ በምኖርበት አገር ለረጅም ዘመን ሲመዘን የኖረው መጠጡ ሳይሆን ጠጪው ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ልጀምር። በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይጠጣ እንደነበረ የታወቀ ነው። ይህ ቅምሻ ስለ ጣዕም አልነበረም፤ መርዝ የለበትም ለማለት እንጂ። ቀማሹን አስተያየት የሚጠይቀው አልነበረም፤ አስተያየቱ ቆሞ መታየቱ ነው። ጠጁም ቢሆን አንድ ዓይነት አልነበረም። የጠራውና የጠነከረው ለመኳንንቱ ይቀርባል፤ እየቀጠነ የሚሄደው ደግሞ እንደየማዕረጉ ራቅ ብሎ ለተቀመጠው ይወርዳል። ስለዚህ የአንድን ሰው ደረጃ ለማወቅ ብርሌው ውስጥ ያለውን ማየት ይበቃ ነበር ማለት ይቻላል። ማሩን የገበረው ገበሬ ግን ቤቱ ገብቶ ጠላውን ነው የሚጠጣው። ስለ አድዋ ዘመን ግብር በኩራት ስናወራ ይህችን ነገር ዘለል አድርገን የማለፍ ልማድ አለን።

የወይን ጠጅ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለም አልስማማም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የንግድ ጉዞ መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከኢጣልያና ከሎዶቅያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይቆጥራል። ቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የሚሆነውን ከዘቢብ ስታዘጋጅ ኖራለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጉደርና አክሱሚት ያልቀረቡበት የአዲስ አበባ ሠርግ ብዙ አልነበረም። ሆኖም «የዘንድሮው ጉደር ካምናው ይሻላል» ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጠጥተናል፤ አልመዘገብንም።

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። በኬፕ የደች ኩባንያ አዛዥ የነበረው ያን ፋን ሪቤክ፣ ከኬፕ ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጅ መጨመቁን በማስታወሻው ያሰፈረው የካቲት 2 ቀን 1659 ነበር። በዓለም ላይ ልደቱ በቀን ተቆርጦ የሚታወቅ የወይን ጠጅ አገር ከዚህ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከዚያ በኋላ በ1685 የተመሠረተው የኮንስታንሺያ ርስት ጣፋጭ ጠጅ ስሙ በኤውሮጳ ነገሥታት ማዕድ ገነነ። ናፖሊዮን ሳይቀር በቅድስት ሄለና ደሴት ግዞት ላይ ሳለ ያስመጣ ነበር። ይህን ታሪክ በየቅምሻው ከሚታደሉት የሚያብረቀርቁ ወረቀቶች ላይ ማንም ሊያነበው ይችላል። ወይኑን የተከሉትና የቆረጡት ባሪያዎች ግን ከወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ መስመር ቢያገኙ ነው።

ባርነት ከቀረ በኋላም «ዶፕ» የሚሉት ሥርዓት ቀጠለ። የወይን እርሻው ሠራተኛ ከደመወዙ ከፊሉን በጠጅ ይቀበላል፤ በቀን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ኩባያ ይቀዳለታል። የሚቀዳለትም ለገበያ የማይሆነው አተላ ቀመስ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሕግ ቢከለከልም በአንዳንድ እርሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ዘልቋል። በእናት ማሕፀን ሳሉ በአልኮል የሚጎዱ ልጆች ቁጥር በዓለም ከተመዘገበው እጅግ ከፍተኛው በዚያው በኬፕ ወይን አውራጃዎች የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም።

የሚደንቀው የታሪኩ ሌላው ገጽ ነው። በ1928 የወጣው የመጠጥ ሕግ ጥቁር አፍሪቃውያን የወይን ጠጅና «የነጭ መጠጥ» የተባለውን ሁሉ እንዳይገዙ ከለከለ። ጥቂት የተማሩ ጥቁሮች በልዩ ፈቃድ እንዲገዙ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም «ይህ ሰው ለወይን ጠጅ ይበቃል» የሚል የምስክር ወረቀት መሆኑ ነው። ለሌላው የተተወለት ማዘጋጃ ቤቶች በብቸኝነት የያዟቸው የማሽላ ቢራ አዳራሾች ነበሩ። ትርፉም ለጥቁሮቹ ሰፈር ማስተዳደሪያ ይውል ነበርና፣ ሕዝቡ የገዛ ጭቆናውን በራሱ ጥም ይከፍል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ሲነሡ እሳት ከለቀቁባቸው ሕንጻዎች መካከል እነዚህ አዳራሾች የነበሩትም ለዚህ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል፤ ለአንዱ በግድ ይጋታል፣ ለሌላው በሕግ ይከለከላል። ሁለቱም መምረጥ አይችሉም። መምረጥ የማይችል ሰው ደግሞ ይጠጣል እንጂ አይቀምስም።

ክልከላው የተነሣው በ1961 በወጣ ማሻሻያ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በነሐሴ 1962 ነው። መንግሥት ልቡ ስለራራ አይደለም። ጠጁ ተርፎ ነበር፤ ገበሬዎቹ ገዢ ይፈልጉ ነበር፤ የድብቁንም ንግድ ፖሊስ ሊገታው አልቻለም። ጻካኔም የተቆረቆረችው በእነዚያው ዓመታት፣ ከብራክፓን አሮጌው ሰፈር በግድ በተነሡ ሰዎች ነው። ስሟ በጾንጋ ቋንቋ ደስታ ማለት ነው፤ የሰፈራ ስሞች ምፀት በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጎረቤቴ፣ ሁላችንም «ባባ» የምንላቸው፣ እናታቸው በዚያ በአሮጌው ሰፈር ሸቢን የሚባለውን የድብቅ መጠጥ ቤት ይዘው ልጆች እንዳሳደጉ ነግረውኛል። «ፖሊስ ሲመጣ ብራንዲው ከሕፃኑ ፍራሽ ሥር ይገባል፤ ሕፃኑ እኔ ነበርኩ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ የማነሣው የዛሬውን ቅምሻ ያለዚህ ታሪክ ማየት ስለማይቻል ነው። የአሠራሩ ነገር አስቸጋሪ አይደለም። ነጩ ከቀዩ ይቀድማል፤ ያልጣፈጠው ከጣፋጩ ይቀድማል። ቀለሙን በነጭ ወረቀት ላይ ታያለህ፤ ብርጭቆውን አዙረህ ታሸታለህ፤ ትንሽ ጎንጨት ብለህ በአፍህ ታመላልስና ትተፋለህ። የማይተፋ ሰው ከሃያኛው ብርጭቆ በኋላ የሚሰጠው ነጥብ የደግነት ነው። ነጥቡም እንደየቤቱ ይለያያል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከሃያ፣ አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ከመቶ፣ በደቡብ አፍሪቃ ከ1980 ጀምሮ የሚወጣው የፕላተር መመሪያ ከአምስት ኮከብ። ፕላተር አብዛኛውን ጠጅ የሚያስቀምሰው ስሙ እየታየ ነው፤ ለአምስት ኮከብ የታጩትን ብቻ ሸፍኖ ያቀርባል። አሳማኝ ምክንያት ያቀርባሉ፤ እኔ ግን ስሙ ሲታይ ጌትነቱም አብሮ ይታያል እላለሁ።

ነጥቡ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ የካሊፎርኒያ ጠማቂና የስታቲስቲክስ ሰው በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ለታወቁ ዳኞች ከአንዱ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሳይነገራቸው ቢቀርብላቸው፣ ለዚያው ጠጅ የሚሰጡት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አራት ያህል ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሜዳሊያ በሚሰጥበት ዓለም አራት ነጥብ የብርና የወርቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቅምሻ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። ሚዛን ቢያወዛውዝም ሚዛን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቃሉ።

በ1984 አን ኖብል የተባሉ የካሊፎርኒያ ምሁር የወይን ጠጅ ሽታዎችን በመንኮራኩር ቅርጽ አሰባስበው አሳተሙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት «ጨዋ ጠጅ» የሚሉት ዓይነት አባባል ነበር የሚበዛው። ሆኖም በመንኮራኩሩ ላይ የሰፈሩት ፍሬዎችና ቅመሞች የዚያ አገር ጓዳ ናቸው። በደቡብ አፍሪቃ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠማቂ የሆነችው ንጺኪ ቢየላ፣ ከዙሉላንድ ገጠር በነጻ ትምህርት ዕድል ስቴለንቦሽ ስትገባ የወይን ጠጅ ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ ትምህርቱም በማታውቀው በአፍሪካንስ ነበር። በ2004 ሥራ ጀመረች፣ በ2009 የዓመቱ ሴት ጠማቂ ተብላ ተመረጠች፣ በ2016 በአያቷ ስም አስሊና የተባለ የራሷን ጠጅ አወጣች። ጣዕምን ስታስረዳም «አማሲ» የተባለውን እርጎ የመሳሰለ የአገሯን ነገር ከመጥቀስ አታፍርም።

እኔም ከእርሷ ሳልሰማ በፊት በደብተሬ ያንኑ ሳደርግ ኖሬአለሁ። በ1925 አብርሃም ፔሮልድ ሁለት የፈረንሳይ ዘሮችን አዳቅሎ ያገኘው ፒኖታጅ፣ መጽሐፉ ጢስና የተቃጠለ ጎማ ይለዋል። ለእኔ በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን ነው። የሸነን ብላን ነጭ ጠጅ ሲያረጅ ብርዝ ይሸታል። አንዳንዱ ሺራዝ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንዱ የደረቀ ኮሰረት፣ ርካሹ ደግሞ ያደረ ጌሾ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ አስመጪ ጠረጴዛ ላይ ይህን ጮክ ብዬ ብናገር፣ ቀጂው «ጌታዬ፣ ሕዝባዊው ቅምሻ ነገ ነው» አለኝ፤ ገዢ አልመሰልኩትም። ከመጠጡ በፊት እኔ ተመዘንኩ ማለት ነው።

ነገሩ ግን እየተለወጠ ነው፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። የሶዌቶ የወይን ጠጅ በዓል በ2005 ሲጀመር ብዙዎች ተሳልቀው ነበር። በ2017 ደግሞ ከዚምባብዌ ተሰደው በደቡብ አፍሪቃ ከዝቅተኛ ሥራ የጀመሩ አራት ሰዎች፣ ጠርሙሱ ተሸፍኖ በሚቀርብበት የዓለም ውድድር ላይ በቡርጎኝ አገራቸውን ወክለው ቀረቡ። ከ24 ቡድን 23ኛ ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት 14ኛ። ስደተኛ ሱቁ በሚዘረፍበት፣ በ2008 ብቻ ከስልሳ በላይ ሰው በተገደለበት አገር፣ ስሙ በተሸፈነ ጠርሙስ ፊት ስደተኛው ከማንም እኩል ሆኖ መቆሙ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለእኛም የሸፈነ ጠርሙስ ምን እንደሚያደርግ በቡና አይተነዋል። በ2020 የዋንጫ ልቀት የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ፣ የሲዳማው ገበሬ ንጉሤ ገመዳ ቡና ባለቤቱ ሳይታወቅ ተቀምሶ 91.04 አገኘ፤ በጨረታም ፓውንዱ 185 ዶላር ገደማ ተሸጠ። ስሙ የተገለጠው ከነጥቡ በኋላ ነው። በግብር አዳራሽ ከነበረው ሥርዓት ጋር አስተያዩት። በወይን ጠጅም ቢሆን ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ ባለማው እርሻ ከ2014 ጀምሮ «ስምጥ ሸለቆ» እና «አካሺያ» የሚሉ ጠርሙሶች ወጥተዋል፤ ስማቸው የእኛ፣ የሚመዘኑበት ቋንቋ ግን የቦርዶ ነው። ጠጃችን ደግሞ ጭራሽ መመዘኛ የለውም። «ጥሩ ጠጅ ነው» ብለን ብርሌውን እናስቀምጣለን፤ ፈረንጅ ጠማቂዎች በየአገሩ በማር ጠጅ ስም ማኅበርና ዳኝነት ሲያቋቁሙ እኛ በወሬ ብቻ ባለቤቶቹ ነን እንላለን።

ባለፈው ጊዜ በመደብራችን ጓሮ ስድስት ጠርሙስ በቡናማ ወረቀት ጠቅልዬ ለደንበኞች አስቀመስኩ። ባባም መጡ። በአንደኝነት የመረጡት ከስድስቱ ርካሹን ሸነን ነበር፤ እኔም ከሁለተኛ አላወረድኩትም። መትፊያውን ሳቀርብላቸው ግን በእጃቸው ገፉት። «ለዚህ ስንት ሰው ታስሯል፤ እኔ አልተፋውም» አሉ።

በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ከሚነግዱ ሦስት ወዳጆቼ ጋር አሁን የጠጅ መመዘኛ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። አራት ዐምዶች ላይ ተስማምተናል፤ ጥራቱ፣ የማሩ ጠባይ፣ የጌሾው ምሬት፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቆየው። በአምስተኛው እየተከራከርን ነው። አንደኛው ወዳጄ ሙቀቱም ነጥብ ሊሰጠው ይገባል ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንደ ባባ፣ ጠጅ የሚተፋ ሰው ጭራሽ ወረቀቱን አይንካ ባይ ነው።