ቤት ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ስንት ኪሎ ይጭናል?

አንድ ሰው በጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ገጣጥሞ ማብረር ይችላል ቢባል ብዙዎቻችን ቀልድ ይመስለናል፡፡ በአሜሪካ ግን ነገሩ የቆየ ልማድ ነው፡፡ ኢኤኤ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው የግል አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር በፖል ፖበረዝኒ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ በየዓመቱ በሐምሌ ወር በዊስኮንሲን ግዛት ኦሽኮሽ ከተማ የሚያካሂደው ትርዒት በሺሕ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን ይሰበስባል፡፡ ሕጉም ከሥራው ከግማሽ በላዩን ግለሰቡ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ራሱ እስከሠራው ድረስ ይፈቅድለታል፡፡ በአገራችንም አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን ሞተር የገጠሙለትን ‹‹ኬ-570ኤ›› የተባለ አውሮፕላን ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም መገናኛ ብዙኃን መነጋገሪያ እንደነበሩ ይታወሳል፡፡

አብራሪው ብቻውን ሲበር አደጋው የራሱ ነው፡፡ አጠገቡ ሌላ ሰው ሲያስቀምጥ ግን ጥያቄው ይለወጣል፡፡ ለመሆኑ አውሮፕላኑ ስንት ኪሎ ይችላል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?

መልሱ ያስገርማል፡፡ በአሜሪካ ሕግ የአውሮፕላኑ ‹‹አምራች›› ተብሎ የሚመዘገበው ሠሪው ግለሰብ ስለሆነ፣ ከፍተኛውን የመነሻ ክብደት በማመልከቻው ላይ የሚጽፈውም እሱ ነው፡፡ ንድፉን ያወጣው ኩባንያ ካስቀመጠው ቁጥር ላይ 50 ወይም 100 ፓውንድ ጨምረው የሚጽፉ አይጠፉም፡፡ በብሪታንያ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ የቀላል አውሮፕላኖች ማኅበር መሐንዲሶች ሳይፈቅዱ ቁጥሩ አይነካም፡፡ በዚህ ረገድ የብሪታንያው አሠራር የተሻለ ይመስላል፡፡

ነገሩን በምሳሌ እንየው፡፡ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የመሠረቱትና መቀመጫውን በኦሪገን ያደረገው ቫንስ ኩባንያ ከሚሸጣቸው መገጣጠሚያዎች አንዱ አርቪ-7 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ነው፡፡ ከፍተኛ ክብደቱ 1,800 ፓውንድ፣ ማለትም 816 ኪሎ ግራም ነው፡፡ ባዶውን 500 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ለሰው፣ ለነዳጅና ለሻንጣ የሚተርፈው 316 ኪሎ ነው፡፡ ታንኮቹ ሲሞሉ 159 ሊትር ይይዛሉ፡፡ የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን ነዳጁ ብቻውን 114 ኪሎ ይወስዳል፡፡ ቀሪው 202 ኪሎ ነው፡፡ ሁለቱ ሰዎች 85፣ 85 ኪሎ ቢሆኑ ለሻንጣ 32 ኪሎ ይቀራል፡፡ የሻንጣው ሥፍራ ግን እስከ 45 ኪሎ እንዲይዝ የተፈቀደ ነው፡፡ ስለዚህ ታንኩን፣ ወንበሩንና የሻንጣውን ሥፍራ አንድ ላይ መሙላት አይቻልም፡፡ ሁለቱ ሰዎች 100፣ 100 ኪሎ ከሆኑማ የሚተርፈው ለአንድ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ነው፡፡ መፍትሔው ነዳጅ መቀነስና መንገዱን ማሳጠር ነው፡፡ በአየር ላይ ለመገለባበጥ ያሰበ ደግሞ ወሰኑ ወደ 1,600 ፓውንድ ወይም 726 ኪሎ ዝቅ ስለሚልበት፣ ከእነዚያው ባለ 85 ኪሎዎቹ ሰዎች ጋር ከግማሽ ታንክ በላይ መያዝ አይችልም፡፡

‹‹መሐንዲሶቹ 50 በመቶ መጠባበቂያ ትተውበታል፤ ትንሽ ቢበልጥ ምን ይሆናል?›› የሚለው ክርክር በአብራሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፡፡ መጠባበቂያው መኖሩ እውነት ነው፡፡ የተተወው ግን ለሻንጣ ሳይሆን ለብረቱ ጉድለት፣ ለሠሪው እጅ ስህተትና ላልታሰበ ንፋስ ነው፡፡ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ሰው እጅ በተመታ ሪቬት ላይ ይህ መጠባበቂያ ከፋብሪካው ምርት ይልቅ ያስፈልጋል፡፡ የክንፍ ጥንካሬ ደግሞ በክብደት የሚካፈል ነገር ነው፡፡ በ800 ኪሎ 3.8 እጥፍ ጫና እንዲችል የተሠራ ክንፍ 900 ኪሎ ሲጭን የሚችለው 3.4 እጥፍ ያህል ብቻ ነው፡፡

ክንፍ ከመሰበሩ በፊት ግን ሌላ ችግር ይቀድማል፡፡ ክብደት 10 በመቶ ሲጨምር ክንፉ አየሩን የሚለቅበት፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ፍጥነት 5 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፡፡ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች ያወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ በዚሁ 10 በመቶ ጭማሪ አኮብኩቦ ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት በ20 በመቶ ይረዝማል፡፡ በየ1,000 ጫማ ከፍታ (300 ሜትር ያህል) እና በየ10 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ 10፣ 10 በመቶ ይታከልበታል፡፡ ጭማሪዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይባዛሉ፡፡ የአዲስ አበባው ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፡፡ በዚሁ ስሌት ከተሄደ ባሕር ዳርቻ ላይ 300 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እዚህ በከፍታው ብቻ 600 ሜትር ይፈልጋል፤ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፡፡ ስለዚህ በወረቀት ላይ የተፈቀደ ክብደት በሁሉም ሥፍራና በሁሉም ሰዓት የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም፡፡

ከጠቅላላው ክብደት ያላነሰ የሚያሳስበው ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው፡፡ የክብደቱ ማዕከል ከወሰኑ አልፎ ወደ ጭራ ከሄደ አፍንጫው ወደ ላይ ይመዘዛል፤ አብራሪው መሪውን ወደፊት ቢገፋም ላይመልሰው ይችላል፡፡ በአርቪ-7 ሰዎቹና ሻንጣው የሚቀመጡት ከማዕከሉ በስተኋላ ሲሆን፣ ነዳጁ ያለው ክንፉ ውስጥ ወደፊት ገፋ ብሎ ነው፡፡ በመሆኑም ነዳጁ እየነደደ ሲሄድ ማዕከሉ ወደኋላ ይሸሻል፡፡ ሲነሳ ወሰኑ ውስጥ የነበረ አውሮፕላን ሲያርፍ ከወሰኑ ሊወጣ ስለሚችል፣ ስሌቱ ለመነሻም ለማረፊያም ይሠራል፡፡ በርት ሩታን የነደፈው ሎንግ-ኢዜድ የተባለው አውሮፕላን ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው፡፡ ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ለማዕከሉ ቅርብ ስለሆነ ሚዛኑን ብዙም አያናጋውም፤ ይልቁንም ከፊት የሚቀመጠው አብራሪ ቀላል ሰው ከሆነ አፍንጫው ላይ ተጨማሪ ክብደት ማሰር ግድ ይላል፡፡

እነዚህ ስሌቶች ሁሉ የሚሠሩት የገቡት ቁጥሮች እውነተኛ ሲሆኑ ነው፡፡ የድሮዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲነደፉ የአንድ ሰው ክብደት የተወሰደው 170 ፓውንድ ወይም 77 ኪሎ ተብሎ ነበር፡፡ በግምት መሥራት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ትልልቆቹም አይተውታል፡፡ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ የኤር ሚድዌስት ቢችክራፍት 1900 አውሮፕላን እንደተነሳ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች አለቁ፡፡ ምርመራው የጭራው መቆጣጠሪያ ገመድ በተሳሳተ መንገድ መስተካከሉን፣ ከዚያም ጋር ክብደቱ ከወሰኑ ወደኋላ ማለፉን አረጋገጠ፡፡ በረራው የተሰላው በአማካይ ክብደት ነበር፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከዚያ በኋላ አማካዩን ከፍ አደረገ፡፡ በባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ደግሞ አማካይ የሚባል ነገር ጨርሶ አይሠራም፤ ተሳፋሪውን ልብሱን እንደለበሰ፣ ቦርሳውን እንደያዘ ሚዛን ላይ ማቆም ነው፡፡ ማፈር የለም፡፡

አውሮፕላኑም ይመዘናል፡፡ ከአንድ ንድፍ የተሠሩ ሁለት አውሮፕላኖች እኩል አይመዝኑም፤ ቀለሙ፣ የወንበሩ ቆዳና ተጨማሪው መሣሪያ ኪሎ ይጨምራሉ፡፡ በሦስቱ ጎማዎች ሥር ሚዛን ተደርጎ የተገኘው ቁጥር ነው እንጂ ከኩባንያው መጽሔት የተቀዳው አይታመንም፡፡

ሕጉ ከተሳፋሪ በፊት የሙከራ ዘመን ያስገድዳል፡፡ ፋብሪካው ሰርተፊኬት ያገኘበት ሞተርና ፕሮፔለር ጥምረት ከሆነ ብዙውን ጊዜ 25 ሰዓት፣ ካልሆነ 40 ሰዓት ነው፡፡ በዚህ ጊዜ ተሳፋሪ መጫን ክልክል ነው፡፡ አብራሪው በተሳፋሪው ፋንታ የአሸዋ ከረጢት አጥብቆ አስሮ፣ ክብደቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እስከ ወሰኑ ድረስ ሊፈትነው ይገባል፡፡ ብቻውን በቀላል ክብደት ሰዓቱን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው፣ የመጀመሪያውን ከባድ በረራ የሚሞክረው በወዳጁ ላይ ነው ማለት ነው፡፡ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በግለሰብ የተሠሩ አውሮፕላኖች ከአገሪቱ ጠቅላላ የግል አውሮፕላኖች 10 በመቶ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በ2011 ከደረሱት ገዳይ አደጋዎች ግን 21 በመቶ የሚሆኑት የእነሱ ነበሩ፡፡

እንዲህ ባለ አውሮፕላን ውስጥ፣ ተሳፋሪው ሊያየው በሚችልበት ሥፍራ፣ ለመደበኛ አውሮፕላን የወጣውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍ ግዴታ ነው፡፡ የተጋበዘ ሰው ያንን ካነበበ በኋላ የዕለቱን የክብደት ስሌት ወረቀትና የሙከራው መዝገብ ላይ የሰፈረውን ከፍተኛ ክብደት ልይ ቢል መብቱ ነው፡፡ መዝገቡ አውሮፕላኑ በየትኛው ክብደት እንደተፈተነ ማሳየት አለበት፡፡ የዕለቱ ወረቀት ከዚያ ቁጥር ከበለጠ፣ ወይም ወረቀቱ ጭራሽ ከሌለ፣ ከመሬት ሆኖ እጅ ማውለብለብ ይሻላል፡፡