ከሦስት ጉልቻ እስከ ምርት ምድጃ፤ የማዕድ ቤት አቀያየስ ታሪክ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ይላል የአገራችን ተረት። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሹም ሽር ሲሆን፣ ስለ ጉልቻው ራሱ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ጉልቻው የት እንደተተከለ፣ ከውሃው እንስራና ከቡሖው ዕቃ ምን ያህል እንደራቀ፣ ጭሱስ በየት እንደሚወጣ መመርመር ወጡን ባያጣፍጥ እንኳ የባለሙያዋን ዓይንና ሳንባ ያድናል።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ ማለትም በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች፣ የቀድሞው የሣር ክዳን ቤት እሳቱን በውስጡ ይዞ ይኖር ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እሳቱ ከማብሰሉ ሌላ የደጋውን ብርድ ያባርራል፣ ጭሱም ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል። የዕቅዱ ጥቅም ለቤተሰቡ በሙሉ ሲሆን፣ ዋጋውን ግን በይበልጥ ትከፍል የነበረችው እሳቱ አጠገብ የምትውለው ሴት ነበረች። የቆርቆሮ ክዳን በመጣ ጊዜ ከጭሱ ጥቅም አንዱ ቀረ፤ ጉዳቱ ግን አልቀረም። በዚህም ምክንያት ማዕድ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይቶ በጓሮ መሥራት እየተለመደ ሄደ።

የደጋው ከፍታም የራሱን ሸክም ይጨምራል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላና አተር ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይጠይቃሉ። እንጨት ባነሰበት ስፍራ ኩበት ይነዳል፤ ለእርሻው ፍግ ሊሆን የሚገባውም በምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሊሆትስኪ የተባሉ ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለጀርመን ከተማ ለፍራንክፈርት ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነ ማዕድ ቤት ነደፉ። አርአያ የሆናቸው የባቡር ምግብ ፉርጎ ጠባብ ማብሰያ ነበር። ከማጠቢያ ወደ ገበታ፣ ከገበታ ወደ ምድጃ ያለው እርምጃ ተቆጥሮ የተቀነሰበት ይህ ማዕድ ቤት በ10,000 ያህል ቤቶች ተሠራ። ትምህርቱ ታላቅ ቢሆንም ልኩ የእኛ አይደለም፤ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር የሚደርስ ምጣድ፣ አክንባሎና ሰፌድ፣ ቁጭ ብሎ መጋገርም በዚያ ንድፍ ውስጥ አልታሰቡም።

በእኛ አገር ከምጣዱ የተነሣው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርት የተባለውን ምድጃ አስገኘ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በስድስት ክፍል ተቀርጾ ይገጣጠማል፤ በሙከራ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፤ ከኋላው በሚወጣው ትኩሳትም ድስት ይጣድበታል። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ጭስ ማውጫ የለውም። ስለዚህ ምድጃውን ለውጦ የጣሪያውን መተንፈሻ የረሳ ሰው ሥራውን በከፊል ትቶታል።

በአዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታም ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። የየቤቱ ማዕድ ቤት ጠባብ ስለሆነ እንጀራ የሚጋገርበትና ከብት የሚታረድበት የጋራ ሕንፃ በየግቢው ታቀደ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። የማዕድ ቤት ንድፍ ከምጣዱ ይጀምር፤ ቀጥሎ ውሃው፣ ቡሖውና ማገዶው ከተቀመጠችበት በእጅ እንዲደረሱ ይደርደሩ፤ የጭሱም መውጫ ግድግዳው ሳይቆም በፊት ይወሰን። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን መሐንዲሱ ጋጋሪዋን ይጠይቅ። ልኩን ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርስዋ ናትና።