ቡናው ከኢሉባቦር፤ ሲኒው ከባሕር ማዶ

የአንድን ኅብረተሰብ ታሪክ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የጦር ሜዳ ውሎን ብቻ መመርመር አይበቃውም። ሕዝቡ የሚበላበት፣ የሚጠጣበት፣ የሚቀመጥበትና እሳት የሚያነድበት ዕቃም ታሪክ ነው። ማን እንደሠራው፣ በምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው መንገድ ተጉዞ ከቤት እንደገባ በጥሞና ቢመረመር፣ የአንድን አገር የምርት ግንኙነት ከብዙ ድርሳን ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ ወይም በያዮ ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ዕቃ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ ነው። ቡናው ከጓሮ ወይም ከጫካ የተለቀመ የአገሬው ፍሬ ነው። ሙቀጫው ከአካባቢው ግንድ የተጠረበ፣ ረከቦቱ በአናጢ የተበጀ፣ ጀበናው በሸክላ ሠሪ ሴት እጅ የተድቦለቦለ ነው። የሚቆላበት ብረት ምጣድ እንኳ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ በርሜል ተቆርጦ የተቀጠቀጠ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ተለይቶ የእንግድነት መልክ ያለው ሲኒው ነው፤ እርሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የያዮ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ ጫካ በቀል ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። ታዲያ የቡና መገኛ የሆነ ምድር ቡናውን የሚጠጣበትን ዕቃ ስለ ምን ከሩቅ አገር ይገዛል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ለኩባያው፣ ለሳህኑ፣ ለፋኖሱና ለባልዲው ግን መልሱ አንድ ነው።

ቃላት የሚመሰክሩት

በቅድሚያ ቃላትን በምስክርነት መጥራት ይቻላል። ምድጃ፣ ምጣድ፣ ማሰሮ፣ እንስራ፣ ሰፌድ፣ ሙቀጫ የሚሉት ስሞች ከአገሬው አፍ የወጡ ናቸው። ፍንጃል፣ ኩባያ፣ ሳህን፣ ፋኖስ፣ ክብሪትና ሳሙና ግን ከዓረብኛ፣ ጠረጴዛ ደግሞ ከግሪክኛ የመጡ ናቸው። ሲኒ የሚለው ስም በተለይ ትውልዱን አይደብቅም፤ በዓረብኛ «ሲን» ቻይና ስትሆን፣ «ሲኒ» ማለት «ቻይናዊ» ማለት ነው። እንግዲህ እሳትና ጓዳ የማይለየው ዕቃ በአገሩ ስም ሲጠራ፣ ለእንግዳ ፊት የሚቀርበው ዕቃ ነጋዴው ባወጣለት ስም ይጠራል።

ቡናው ከሲኒው በፊት እንደነበረም ግልጽ ነው። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ «ቡና ቀላ» የሚባለው፣ የቡናው ፍሬ በቅቤ ታምሶ የሚበላበት ልማድ፣ ሲኒ የማያስፈልገው የቡና ሥርዓት ነው። ለመጠጥም ቢሆን የቀንድ ዋንጫና ቅል ነበር። ሕዝቡ ዕቃ ያጣ አልነበረም፤ የዕቃው ዓይነት የተለወጠው ንግዱ በተለወጠ ጊዜ ነው።

የባሮ በር

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የሱዳን ወሰን ውል ለኢሉባቦር ገበያ አዲስ በር ከፈተ። በውሉ መሠረት በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። ጣቢያውም ከሁለት ዓመት በኋላ ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትሎ እስከ ጋምቤላ ይዘልቅ ነበር። ከካርቱም ወዲያ የባቡር ሐዲድ ዕቃውን ከፖርት ሱዳን ወደብ ጋር ያገናኘዋል።

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ሲሆን፣ ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረ ደጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን አቀበት ዕቃው በቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወጣው ነበር። ወደ ታች የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ጨው፣ አቡጀዲድና ፋብሪካ የሠራው ሸቀጥ ነው። ጎሬ የአስተዳደር መቀመጫ እንደመሆኗ የግሪክና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የነጋዴ ሂሳብ ማስተዋል ይገባል። ነጋዴውን ወደ ደጋው ያወጣው ቡናው ነው፤ ሸቀጥ ለመሸጥ ባይፈልግ እንኳ በቅሎዎቹ ለቡናው መውጣታቸው አይቀርም። ባዶ ከሚወጡ አቡጀዲድና ብርጭቆ ጭነው ቢወጡ ትርፉ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣው ዕቃ የአቀበቱን ኪሳራ ለብቻው አልተሸከመም፤ ኪራዩን ቡናው ከፈለለት። በአንጻሩ አንዲት ሸክላ ሠሪ ማሰሮዋን ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ተሸክማ ብትሄድ፣ የሚሰበረውና የሚደክመው ከሚገኘው ይበልጣል። ገበያው የተሠራው ለሩቁ ዕቃ እንዲመች ሆኖ ነበር።

የተናቀ እጅ

ይሁን እንጂ በሩ ስለተከፈተ ብቻ የአገር ውስጥ ሙያ ሳያድግ ይቀራል ማለት አይደለም። ጉዳዩ ከቡናው የተገኘው ሀብት በማን እጅ ወድቆ ለምን ዋለ የሚለው ነው። ኢሉባቦርን ከጎሬ ሆነው ያስተዳደሩት፣ በኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት ራስ ተሰማ ናደውና ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ በነበረው ሥርዓት የተሾሙ መኳንንት የሚኖሩት ገባሩ በሚያቀርበው ምርት ነበር። ከገባሩ የተሰበሰበው ትርፍ ወደ ጠመንጃ፣ ወደ ግቢ ክብርና ለማዕረግ ወደሚሆን የውጭ ዕቃ ሄደ እንጂ ወደ ወናፍና ወደ ሸክላ ምድጃ አልተመለሰም። መልከኛው አዲስ ሳህን ቢፈልግ ከግሪኩ ሱቅ ያስመጣል፤ ሸክላ ሠሪዋን ጠርቶ «ይህን የመሰለ ሥሪልኝ፤ እስክትችዪው ድረስ ቀለብሽ በእኔ ይሁን» የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚህም የከፋው የሙያው መናቅ ነው። ብረት ቀጥቃጩ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «ጠይብ»፣ በኦሮሞው ዘንድ «ቱምቱ» እየተባለ፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባለች፣ ከጋብቻ የተገለሉ፣ ብዙ ጊዜም ርስት የሌላቸው ሆነው ኖሩ። ማረሻውን ያለ እርሱ የማያገኝ ገበሬ ከቀጥቃጩ ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ እንጀራዋን ያለ ምጣዷ የማትጋግር እመቤት ሸክላ ሠሪዋን ከደጅ ትመልሳለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው በደሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ለተሰዳቢው መሬትና ትምህርት ግን አልሰጠም። ልጁ የእርሱን ሙያ እንዳይወርስ የሚመኝ አባት ባለበት ቤት ደግሞ ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየዳበረ አይሄድም።

የእሳቱ ልክ

በእርግጥ በጀበናና በሲኒ መካከል የቴክኒክ ልዩነት አለ። ጀበና የሚተኮሰው በሜዳ ላይ በተከመረ እንጨትና ጭድ ነው፤ ይህ እሳት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። ነጩ ሲኒ ግን ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈርና ወደ 1300 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት የሚይዝ የታነጸ ምድጃ ይፈልጋል። ካኦሊን ስሙን ያገኘው በቻይና የሸክላ ከተማ በጂንግደጄን አቅራቢያ ካለው የጋኦሊንግ ኮረብታ ነው።

ሆኖም ይህን ምሥጢር ያላወቀች ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረችም። አውሮፓም ለረጅም ዘመን የቻይናን ሲኒ በወርቅና በብር ስትገዛ ኖራለች። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ ወርቅ እሠራለሁ የሚለውን ወጣት ቀማሚ ቦትገርን በጥበቃ ሥር አስቀምጦ፣ አፈርና እሳት እየሰጠ፣ ያልተሳካውን እየታገሠ አሠራው፤ በ1710 እ.ኤ.አ. የማይሰን ፋብሪካ ተቋቋመ። አሠሪው ለሠራተኛው ርኅራኄ የነበረው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ለሲኒ የሚወጣው ሀብት ወደ ሌላ አገር እንዳይፈስ ለማድረግ መንግሥት ከሸክላ ሠሪ ጀርባ መቆም እንዳለበት ተረድቶ ነበር። በጎሬ የጎደለው ይኸው ነው፤ አፈሩም እጁም ነበር፤ ከሸክላ ሠሪዋ ጀርባ የቆመ አልነበረም።

ከጋምቤላ መርከብ እስከ ኮንቴይነር

በሮቹ ግን አንድ ብቻ ሆነው አልቀሩም። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት የጃፓን ርካሽ ጥጥ የአገሪቱን ገበያ ሞላው፤ ሸማኔውም ከሩቅ አገር ፋብሪካ ጋር በአንድ ገበያ ዋለ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ የቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠባት ጎሬ በተከታዩ ዓመት በጠላት እጅ ወደቀች። ከነፃነት በኋላ የጭነት መኪና ቡናውን በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሳበው። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጋምቤላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የመርከቡ ንግድም ቀስ በቀስ ተዳከመ። በኋላም የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ዞረ። መንገዱ ተለወጠ፤ የጭነቱ ዓይነት ግን አልተለወጠም። ጥሬ ቡና ይወርዳል፣ የተሠራ ዕቃ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ርቀት ራሱ ረከሰ። በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. አንድ መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ከአሜሪካ ኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ተጓዘች። በወዛደር ትከሻ ሲጫን በቶን 5.86 ዶላር ይፈጅ የነበረው ጭነት በዚህ ዘዴ ወደ 16 ሳንቲም ግድም መውረዱ ተሰላ። ቻይና በ1971 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲዋን ስትለውጥ ይህ መንገድ ተጠርጎ ይጠብቃት ነበር። አንድ ቅርጽ ማውጫ ሚሊዮን ሲኒ ሲያወጣ የቅርጹ ዋጋ በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ ኢምንት ይሆናል። ሲኒ በሲኒ ላይ ይደረደራል፤ አንገተ ረጅሙ ጀበና ግን አይደረደርም። ጀበና እስከ ዛሬ ከመንደር ሸክላ ሠሪ እጅ ያልወጣው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የቡናው ገበሬ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ያለበት ቦታ ልብ ሊባል ይገባል። የሚሸጠው ቡና ዋጋ የሚቆረጠው በኒውዮርክና በለንደን ነው። የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው ግን ይህን የወሰነ ጉባኤ ላይ አልነበረም። የሚገዛው ሲኒ ዋጋም እንዲሁ እርሱ በሌለበት ይቆረጣል።

የተሞከረውና የቀረው

ሙከራ አልተደረገም ማለት ታሪክን ማዛባት ነው። በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ባለ እጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደርጓል። በዚያው ዘመን ግን የግል ካፒታል በሕግ ተገድቦ ስለነበር፣ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ወደ ፋብሪካ የሚያድግበት ደረጃ ጠቦ ነበር። በሐዋሳ የተተከለው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ከቦምቦዋሃ የሚወጣውን የአገር ካኦሊን ተጠቅሞ ሲኒና ሳህን ሠርቶ አሳይቷል። እንግዲህ አፈሩ አለመኖሩ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ባዶ በርሜልን ምድጃና ምጣድ የሚያደርጉ እጆችም ብልኃት እንዳልጠፋ ይመሰክራሉ። የቀረው እነዚህን ሁለቱን፣ የፋብሪካውን እሳትና የመንደሩን እጅ፣ የሚያገናኝ ድልድይ ነው።

ከውጭ መግዛት በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁሉን በቤቱ የሚሠራ አገር በምድር ላይ የለም። ጉዳቱ ገዝቶ አለመማር ነው። መቱና ጎሬ ከመቶ ዓመት በላይ ሲኒ ሲገዙ፣ ግዢው አንድም ሸክላ ሠሪ ወደ ተሻለ ምድጃ አላሸጋገረም። አሁን ደግሞ ፕላስቲክ እንስራውን ከምንጭ መንገድ አስወጥቶታል፤ ገበያዋ ከቀን ወደ ቀን የሚጠብባት ሸክላ ሠሪ ልጇን ሙያዋን ባታስተምር ሊፈረድባት አይገባም። ያን ጊዜ ግን የሚጠፋው ጀበና ብቻ አይሆንም፤ የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር ሲዋሐድ እሳት እንደሚችል የሚያውቀው፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈው ዕውቀት አብሮ ይቀበራል።

በዚህ ረገድ የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ከነጋዴው አያንስም። ንቀቱን ያሳደገው ተረትና ምሳሌ፣ ስድብና ወግ ነው፤ የሚፈታውም በዚያው መሣሪያ ነው። የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት የቅጣት ሰዓት ያህል ሳይሆን የዕውቀት ዘርፍ ሆኖ ሲሰጥ፣ ቀጥቃጩ በመድረክ ላይ መሳቂያ ሳይሆን ባለ ታሪክ ሆኖ ሲቆም፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሙያዋን ሳትደብቅ መናገር ትችላለች። ከውጭ የመጣው ሲኒ ቢገለበጥ ከግርጌው የተሠራበት አገርና የፋብሪካው ምልክት ታትሞ ይገኛል። ጀበናው ቢገለበጥ የሚታየው ጥላሸት ብቻ ነው። በመቱና በዙሪያዋ ባሉ ገበያዎች ሸክላ የሚያወርዱትን ሴቶች ስምና ሙያ፣ ባለቤቶቹ ሳሉ፣ ጠይቆ መመዝገብ ፋብሪካ እስኪተከል መጠበቅን የማይጠይቅ ሥራ ነው።