ስስ ፀጉርና የሠሪዋ እጅ
በዓባይ ሸለቆ የፀጉር ታሪክ

የፀጉር መሳሳት ዛሬ ዛሬ የሻምፑና የቅባት ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በዓባይ ሸለቆ ግን ነገሩ ከነጋዴዎቹ በብዙ ሺህ ዓመታት ይቀድማል። ፀጉሯ የሳሳባት ሴት ምን ታድርግ ለሚለው ጥያቄ የዚህ ወንዝ ሕዝቦች የሰጡት መልስ ከዘመን ዘመን ቢለዋወጥም፣ አንድ ነገር አልተለየውም፤ እርሱም የሌላ ሰው እጅ ነው። ሙሉ ፀጉር ተፈጥሮ ለጥቂቶች የምትሰጠው ጸጋ ሲሆን፣ ሙሉ ሆኖ መታየት ግን በእጅ የሚሠራ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆኖ ኖሯል።

ለዚህ ማስረጃው ከመቃብር ይጀምራል። በላይኛው ግብፅ፣ ሂራኮንፖሊስ በተባለው ጥንታዊ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3400 ገደማ የተቀበረች አንዲት ሴት ተገኝታለች። በራሷ ፀጉር ላይ ሌላ ፀጉር ተቀጥሎላታል፤ ሽበቷም በሂና ቀልሟል። ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመታት ዘግይታ በአማርና ከተማ የተቀበረች ሌላ ሴት ደግሞ እስከ 70 የሚደርሱ ቅጥል ፀጉሮች በተለያየ ከፍታ ተደራርበውላት ነበር። ይህ ግኝት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሁለቱም ሴቶች የተገኙት ከነገሥታት መካነ መቃብር ሳይሆን ከተራው ሕዝብ መቃብር ነው። ስለዚህ ፀጉርን አብዝቶ መታየት የቤተ መንግሥት ቅንጦት ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን።

በዚያው በአማርና ዘመን ንግሥት ነፈርቲቲን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ሴቶች፣ ሊቃውንት «የኑብያ ዊግ» የሚሉትን አጭርና ድርብርብ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያጠልቁ ነበር። አምሳያው ከደቡብ የመጡት ኑብያውያን ጥቅጥቅ ያለ ጥቅልል ፀጉር እንደሆነ ይታመናል። የግብፅ ንግሥት የፀጉሯን ሞገስ ከዛሬዋ ሱዳን ሰዎች ተዋሰች ማለት ነው። የሚገርመው ግን፣ የኩሽ ንግሥቶች ራሳቸው ከ1300 ዓመታት በኋላ በናቃ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሲቀረጹ ፀጉራቸው ከራሳቸው ቅርጽ ጋር የተጣበቀ አጭር ሆኖ ነው። ንግሥት አማኒቶሬ ግርማዋን ያገኘችው ከገላዋ ግዝፈትና ከጌጧ እንጂ ከፀጉሯ ብዛት አይደለም። የውበት መለኪያ በአንድ ወንዝ ዳር እንኳ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመለስ፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ሲዘዋወር የአካባቢውን ሴቶች የፀጉር አሠራር በዝርዝር ጽፏል። አሠራሩ ከጥንታዊ ግብፃውያን ሐውልቶች ጋር መመሳሰሉ እጅግ አስደንቆታል። ያየው ሱዳኖች «ምሻጥ» የሚሉትን ጥበብ ነበር። «መሻጣ» የምትባለው ባለሙያ ፀጉሩን እንደ ክር ባቀጠኑ ጉንጉኖች፣ ከራስ ቆዳ አስጠግታ ትሠራዋለች። ሥራው ረጅም ሰዓታት ይፈጃል። ለሳሳ ፀጉር የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ጉንጉኑ ሲበዛ ስስነቱ ይሸፈናል፤ ያልበቃ እንደሆነም ጥቁር ክር ወይም ሌላ ፀጉር ይታከልበታል። በላዩ ከስብ ወይም ከሰሊጥ ዘይት፣ ከቅርንፉድና ከብርቱካን ልጣጭ የሚዘጋጀው «ከርካር» ይቀባል። በሠርግ ጊዜም «ደሪራ» የተባለው የማሕለብ፣ የሰንደልና የቅርንፉድ ዱቄት በሙሽራውና በሙሽሪት አናት ላይ ይደረጋል።

በእኛም አገር ሹሩባና ለጋ ቅቤ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ናቸው። ከግንባር እስከ ማጅራት የተጎነጎነው ፀጉር ከታች ሲለቀቅ ይበተንና ይነፋል፤ ስስ የነበረው ፀጉር ትከሻ ላይ ሲደርስ ጎፈሬ ይመስላል። ቅቤ ፀጉር አያበቅልም፤ ሆኖም ፀጉሩን ሸፍኖ እንዳይሰበር ይረዳል፤ ያልተሰበረ ፀጉር ደግሞ በዝቶ ይታያል። ሹሩባ የሴቶች ብቻም አልነበረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ የጀግንነታቸው ምልክት ሆኖ ይታወሳል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች የወሰዱት ፀጉራቸው ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነበር። አንድ ዘለላ ፀጉር የአንድ አገር ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ዕዳም አለበት። ፀጉርን ሙሉ ለማስመሰል አጥብቆ መጎንጎንና ከባድ ቅጥል መሸከም ሥሩን ይጎትታል። ጉተታው ለዓመታት ከቀጠለ በግንባርና በጆሮ አካባቢ ያለው ፀጉር ይሳሳል፤ ሥሩ ከጠፋም አይመለስም። ሐኪሞች ይህን «ትራክሽን አሎፒሺያ» ይሉታል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ተስተውሏል። ለስስነት መሸፈኛ የሆነው ሙያ ራሱ የስስነት ምክንያት እንዳይሆን የሚጠብቀው የሠሪዋ ልክ ማወቅ ነው። ጥሩ ሠሪ የፀጉሩን አቅም በጣቷ ታውቃለች፤ «አጥብቂልኝ» ስትባልም ታላላለች።

ካርቱም እነዚህ ሁለት ሙያዎች ጎን ለጎን የኖሩባት ከተማ ናት። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ቡና በሚታወቁበት በዴም ሰፈር፣ የሐበሻ ሹሩባና የሱዳን ምሻጥ ጎረቤታሞች ነበሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ሠሪዎቹንም ደንበኞቻቸውንም በተናቸው፤ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምም ተዘረፈ። የተዘረፈ ቅርስ እንደ ዐፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላም ቢሆን ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል። የጣት ሙያ ግን መዝገብ የለውም። ሠሪዋ በሄደችበት ይሄዳል፤ አጠገቧ ተቀምጦ የሚማር ካላገኘ አብሯት ያርፋል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ጣታቸው ሳይደክም ልጆቻችንን አጠገባቸው ብናስቀምጥ፣ የምናተርፈው የፀጉር ውበት ብቻ አይሆንም።