ዘውድና ጎፈር በጌጃ ሰፈር

በጃንሆይ ዘመን ጌጃ ሰፈር ላደገ ልጅ የዕድል ሒሳብ ከትምህርት ቤት በፊት በየጥጋጥጉ ይጠብቀው ነበር። ሊስትሮው፣ ኩሊው፣ ከክፍል የጠፋው ተማሪ ክብ ሠርተው ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር? ዘውድ የንጉሡ ምስል ያለበት ገጽ፣ ጎፈር የአንበሳው። ልብ ብሎ ላየው ግን በዚያ ሳንቲም ላይ ጃንሆይ ባዶ ራሳቸውን ናቸው፤ ዘውድ የደፋው አንበሳው ነው። ዘውዳቸውን ደፍተው የሚታዩት ለምሳሌ ምኒልክ ናቸው፣ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ባስመቱት ብር ላይ። ያ የጃንሆይ ሳንቲም ደግሞ መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ 1936 ነው የሚለው፤ ዕድሜውን ከተጻፈበት ዓመት ማወቅ አይቻልም።

ተራው ጨዋታ አንድ ውርወራ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ የሚበላው «እኩል» ነበር። ሳንቲሙ አራት ጊዜ ይወረወራል፤ ሁለቴ ዘውድ ሁለቴ ጎፈር ከወጣ «እኩል» ያለው በላ፣ ካልወጣ ተበላ። መደቡ ስሙኒ በስሙኒ። ጎበዙ ሁሉ «እኩል» ይላል፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ሌላ ምን ይወጣል? አንድ ጠና ያለ ሊስትሮ ብቻ ሁልጊዜ «አይወጣም» ላይ ይመድብ ነበር። ድግምት አለው ይሉት ነበር።

ኋላ የሒሳብ መምህር ስሆን ድግምቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። አራት ውርወራ 16 ዓይነት አወጣጥ አለው። ሁለት ሁለት የሚሆነው ዘዘጎጎ፣ ዘጎዘጎ፣ ዘጎጎዘ፣ ጎዘዘጎ፣ ጎዘጎዘ፣ ጎጎዘዘ ብቻ ነው፤ 6። የቀረው 10 የሊስትሮው ነው። «እኩል» ከሌላው ከእያንዳንዱ ውጤት ይበልጣል እንጂ ከሁሉም ድምር አይበልጥም። ውርወራው 10 ሲሆን ይብሳል፤ አምስት አምስት የሚወጣው ከ1024 በ252ቱ ነው፣ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ይህን አቆጣጠር በወጉ አስፍሮ ያለፈው የባዝሉ የሒሳብ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1713። የእሱ መንገድ ሳንቲሙ ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን አይጠይቅም። የአንዱን ገጽ ዕድል በወጣበት ልክ፣ የሌላውን ዕድል በቀረው ልክ እያባዛህ፣ መጨረሻ ላይ በቅደም ተከተሎቹ ብዛት ታበዛዋለህ።

ሠፈሩ ሊስትሮውን ሳንቲም ያጣምማል እያለ ያማው ነበር። እንበልና እውነት ነው፤ ዘውድ ከ10 ውርወራ በ6ቱ ይወጣል። 0.6 ሁለቴ፣ 0.4 ሁለቴ ተባዝቶ፣ ያ በ6 ሲባዛ 0.3456 ይሆናል። በደህናው ሳንቲም 0.375 ነበር። ወደየትም ገጽ ቢጣመም የሚጎዳው «እኩል» ያለውን ነው። መቼም ሊስትሮው ያንን ያህል መድከም አያስፈልገውም ነበር፤ በደህናውም ሳንቲም ከ16 ጨዋታ በአማካይ 10ሩን ይበላል።