የፍቅፋቂ ቀለም

በማዕድን መለያ መጻሕፍት ውስጥ ከጥንካሬና ከክብደት ጎን የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ስትሪክ» ይሉታል። ማዕድኑ ሻካራ ነጭ ሸክላ ላይ ሲታሽ የሚተወው የዱቄት መስመር፣ በተለይም የመስመሩ ቀለም ማለት ነው። በአማርኛ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ጭረት» ነው። ግን ጭረት ለጥንካሬ ፈተናም ያገለግላል፤ እዚያ የምንጠይቀው «ማን ማንን ጫረ?» ብለን ነው፣ እዚህ ደግሞ «ምን ረገፈ?» ብለን። «የዱቄት ቀለም» ቢባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚታየው ፉርኖ ነው። ስለዚህ እኔ «የፍቅፋቂ ቀለም» ብየዋለሁ፤ ተፈቅፍቆ የወረደው ፍቅፋቂ ነውና።

ለምን መፈቅፈቅ አስፈለገ? የድንጋይ ፊት ስለሚያታልል ነው። ዝገት፣ አንጸባራቂነት፣ ውስጡ የገባ ጥቂት ባዕድ ነገር መልኩን ይለውጡታል። ሄማታይት የተባለው የብረት ማዕድን አንዳንዴ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው፤ ሲፈቀፈቅ ግን ቀይ ቡናማ ይወጣዋል። ስሙም የመጣው «ደም» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። እሱን የሚመስለው ማግኔታይት ፍቅፋቂው ጥቁር ነው።

መሞከሪያው ከቤት አይጠፋም። ሲኒ ገልብጡ፤ ረከቦቱ ላይ የሚያርፈው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያብረቀርቀው ቅብ አይነካውም። እዚያ ላይ ድንጋዩን ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ነጭ ከሆነ የግድግዳ ሴራሚክ ጀርባም ይሆናል። ጀበና ግን አይሆንም፤ ጥቁር ነው፣ ደግሞም ድንጋዩ ሳይሆን ራሱ ጀበናው ይፈቀፈቃል።

ሻኪሶን በመሰለ ወርቅ በሚወጣበት አገር ይህ ፈተና ትልቅ ጥቅም አለው። ፈረንጆች «የሞኝ ወርቅ» የሚሉት ፓይራይት የብረትና የድኝ ውሁድ ነው። ሲያዩት ወርቅ ነው፤ ሲፈቀፈቅ ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ዱቄት ይተዋል። የወርቅ ፍቅፋቂ ያው ቢጫ ነው። ልባችሁ ካላመነ በመዶሻ ምቱት፦ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ፓይራይት ይደቃል።

ፈተናው ሁሉንም ድንጋይ አይለይም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ ሸክላው 7 ገደማ ነው። ከዚያ የሚጠነክር ድንጋይ ሸክላውን ይጭረዋል፤ ያኔ የምታዩት ነጭ ዱቄት የሲኒው እንጂ የድንጋዩ አይደለም። ካልሳይትን የመሰሉ ብዙ ማዕድናት ደግሞ ፍቅፋቂያቸው ነጭ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይለዩም። ካልሳይቱን ኮምጣጤ ይለየዋል፤ ዱቄቱ ላይ ጠብ ሲል አረፋ ይደፍቃል። የወሎን ኦፓል ግን አደራ፣ አትፈቅፍቁት፤ የሚወጣው ነጭ ብቻ ነው፣ የሚበላሸው ግን ዕንቁው።

ሲጨርሱ እጅን መታጠብ ነው። ግራጫ የሚፈቀፈቀው ጋሊና እርሳስ አለበት፤ የተሞከረበትም ሲኒ ወደ ረከቦቱ አይመለስም።