ከእርሳስ ወደ ሊቲየም፤ በቤት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና የባትሪው ጉዳይ

ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ዓ.ም. የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት በኦሃዮ ግዛት የካንተን ከተማ ነዋሪ ለነበረው ለኦግደን ቦልተን ቁጥሩ 552,271 የሆነ የፈጠራ መብት ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመብቱ ጋር የተያያዘው ሥዕል ዛሬ ለሚያየው ሰው እንግዳ አይሆንም። ሞተሩ በኋለኛው ጎማ መካከል በሞዞው ውስጥ ተቀምጧል፤ ባትሪው በብስክሌቱ ቴላዮ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ በሞተሩና በጎማው መካከል ጥርሳ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በየአገሩ የሚሸጡት የጎማ ሞተሮች የዚሁ ሥዕል የልጅ ልጆች ናቸው።

ቦልተን ሞተሩ ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር ሊስብ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ይህ በስሌት ሲታይ 1000 ዋት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በዛሬው ጥራት የተሠራ የእርሳስ ባትሪ እንኳ በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ይህን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ለአንድ ሰዓት ለማንቀሳቀስ ቢያንስ 25 ኪሎ ግራም ባትሪ መሸከም ግድ ይላል። የዚያ ዘመን ባትሪ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ስለሆነም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተሩን ካገኘ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ባትሪውን ሲጠብቅ ኖረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተጠበቀው ባትሪ በመጣ ጊዜ ግን ተቀባዩ እጅ ከእርሳስ ጋር ለብዙ ዘመን የተለማመደ እጅ ነበረ። ብዙው ጥፋት የደረሰው ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

የእርሳስ ባትሪ ከቦልተንም በፊት መንገድ ላይ ውሎ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ በኤፕሪል 1881 በፓሪስ ከተማ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት በኤሌክትሪክ ሞተር ነድቷል፤ የኃይሉም ምንጭ የአገሩ ሰው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የፈለሰፈው፣ ተመልሶ የሚሞላው የእርሳስ ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ ከባድ ይሁን እንጂ ታጋሽ ነው። እያንዳንዱ ሴል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ በተከታታይ ሲያያዙ የተለመደውን 12 ቮልት ያስገኛሉ። ከስድስቱ አንዱ ቀድሞ ቢሞላና አምስቱ ወደ ኋላ ቢቀሩ ምን ይሆናል? ኃይል መሙያው ሥራውን ይቀጥላል። የሞላው ሴል ትርፉን ኤሌክትሪክ ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጅን በመለየት ያሳልፈዋል፤ አረፋ እያወጣ ሲፈላ የዘገዩት ይደርሱበታል። በየጋራዡ የተለመደው የተጣራ ውኃ የመጨመር ሥራ ከዚሁ የመጣ ነው። የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ አደገኛ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የእርሳስ ባትሪ አብዛኛውን ስሕተት በውኃና በዕድሜ ያስከፍላል እንጂ ቤት አያቃጥልም።

ሊቲየም እንዲህ ያለ መተንፈሻ የለውም።

ከብረቶች ሁሉ ቀላል የሆነው ይህ ንጥረ ነገር ወደ ባትሪ የገባበት ታሪክ ረጅም ነው። የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበባቸው በ1970ዎቹ ዓመታት እንግሊዛዊው ስታንሊ ዊቲንግሃም ኤክሶን በተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱ ዋልታው ቲታኒየም ዳይሰልፋይድ፣ ሁለተኛው ብረታዊ ሊቲየም የሆነ ባትሪ ሠራ። ባትሪው ተሞልቶ በተራገፈ ቁጥር ግን ሊቲየሙ መርፌ እየመሰለ ይበቅልና በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለውን ስስ መለያ ይበሳው ነበር። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ በኦክስፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር የኮባልት ኦክሳይድን ዋልታ አስገኘ፤ የሴሉም ኃይል ወደ 4 ቮልት ከፍ አለ። በዚያው ጊዜ የሞሮኮ ተወላጁ ራሺድ ያዛሚ በፈረንሳይ አገር ሊቲየም በግራፋይት ንጣፎች መካከል ገብቶ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ በ1985 ብረታዊ ሊቲየምን ጨርሶ አስወግዶ ከነዳጅ ዝቃጭ በተገኘ ካርቦን ተካው፤ ሶኒም በ1991 ለገበያ አቀረበው። የ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለዊቲንግሃም፣ ለጉድኢናፍና ለዮሺኖ ተሰጥቷል። ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይከፈልም፤ ቢሆንም ዛሬ በአብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ የሚገኘው ግራፋይት መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ የያዛሚን ስም ከሦስቱ ለይቶ ሊያየው አይገባም። (በአገራችንም በጉጂ የሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም ማዕድን ሊቲየም ያዘለ ድንጋይ አብሮት እንዳለ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።)

የሶኒ ባትሪ የተሠራው ለቪዲዮ ካሜራና ለመሰል ዕቃዎች ነበር እንጂ ለብስክሌት አልነበረም። ያማሃ በ1993 በጃፓን ገበያ ያወጣው፣ የነጂውን እግር እየለካ የሚያግዘው ብስክሌት በእርሳስ ባትሪ ነበር የሚሄደው። በቻይናም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንገዱን የሞሉት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በአብዛኛው የእርሳስ ነበሩ። ሊቲየምን ከፋብሪካዎቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድመው፣ በብስክሌት ላይ የጫኑት በቤታቸውና በጋራዣቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የጎማ ሞተር ገዝተው ከተራ ብስክሌት ጋር ያጋጥማሉ፤ ባትሪውን ግን ከአሮጌ ላፕቶፕ ወይም ከእጅ መሰርሰሪያ ፈትተው ያወጡ ነበር። በ2006 ገደማ የማሳቹሴትሱ ኤ 123 ኩባንያ ሴሎች በዲዎልት ባለ 36 ቮልት መሣሪያዎች ውስጥ ሲሸጡ፣ መሣሪያውን ትተው ለባትሪው ሲሉ ብቻ የሚገዙ ሰዎች ነበሩ።

ሰዎቹ ለምን እንደደከሙ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ዓይነተኛ ሴል 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ክብደቱም ከ50 ግራም የማይበልጥ በርሜል ነው። 13 በተከታታይ፣ 4 በትይዩ ሆነው 52 ሴሎች ሲያያዙ፣ እያንዳንዳቸው 2.5 አምፔር ሰዓት ቢይዙ፣ በተለምዶ ባለ 48 ቮልት የሚባለው 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይገኛል። የሴሎቹ ክብደት 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ተመጣጣኙ የእርሳስ ባትሪ ባለ 12 ቮልት አራት ሆኖ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ በፍጥነት ሲራገፍ ደግሞ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። ሊቲየሙ 480 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ በኪሎ ሜትር 12 ዋት ሰዓት የሚፈጅ ብስክሌት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልዩነት ያየ ሰው ወደ እርሳስ አይመለስም።

አደጋው ያለው ግን በዚሁ ስሌት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ሴል ሙሉ የሚባለው 4.2 ቮልት ሲደርስ ነው፤ 13ቱ ሲደመሩ 54.6 ቮልት ይሆናሉ። ኃይል መሙያው የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። 12ቱ 4.175 ቮልት ላይ ሳሉ አንዱ 4.5 ቮልት ቢደርስ ድምሩ ያው 54.6 ነው፤ መሙያውም ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያቆማል። በእርሳስ ባትሪ ውስጥ ቀድሞ የሞላው ሴል ውኃውን እያፈላ ሌሎቹን ይጠብቅ ነበር። የሊቲየሙ ሴል የሚያፈላው ውኃ የለውም፤ ትርፉ ኃይል በግራፋይቱ ላይ ብረታዊ ሊቲየም ሆኖ ይለጠፋል፤ የኮባልቱ ዋልታ መዋቅር ይናጋል፤ ሲግልም ኦክሲጅን ይለቃል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ደግሞ የሚቀጣጠል ነው። ዊቲንግሃምን ያስቸገረው መርፌ በዚህ በኩል ተመልሶ ይመጣል። በእርሳስ ዘመን «ትንሽ ጨምረህ ሙላው፣ እኩል ይሆናል» ማለት ትክክለኛ የሙያ ምክር ነበር። በሊቲየም ላይ ያው ምክር እሳት ነው።

ስለዚህ ነው እያንዳንዱን ተርታ ለየብቻ የሚለካ፣ አንዱ ካለፈ መሙላቱን፣ አንዱ ከወረደ መራገፉን የሚቆርጥ የጥበቃ ሰሌዳ፣ በባለሙያዎች አጠራር ቢ.ኤም.ኤስ.፣ የግድ የሚያስፈልገው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቤት ሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሰሌዳውን ወጪ ቆጥረው ተዉት፤ በየጊዜው በቮልት መለኪያ እንለካለን አሉ። ሰው ግን ይተኛል፤ ባትሪውም የሚሞላው በአብዛኛው ሌሊት ነው።

ከሰሌዳው ቀጥሎ የሚመጣው የሴሉ ዓይነት ምርጫ ነው፤ በዚህም ላይ የጉድኢናፍ ስም ሁለተኛ ጊዜ ይነሣል። በ1997 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ሊቲየም የብረት ፎስፌትን አስተዋወቀ። በዚህ ውሁድ ውስጥ ኦክሲጅኑ ከፎስፎሩ ጋር ጠብቆ ስለተያያዘ ሲግል በቀላሉ አይለቀቅም። ፈሳሹ ሊቀጣጠል ስለሚችል ፈጽሞ አይነድም ማለት ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ለስሕተት የሚሰጠው ጊዜ ይበልጣል። ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2000 ጊዜ በላይ ይሞላል። ዋጋው ክብደትና ግዝፈት ነው፤ ሴሉ 3.2 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ለ48 ቮልት ብስክሌት 16 ተርታ ያስፈልጋል። ከክብደትና ከርቀት ሌላ የማያመዛዝን ሰው የኮባልቱን ዘር ይመርጣል። ባትሪውን በራሱ እጅ ለሚገጥም ሰው ግን ፎስፌቱ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ግራም መጨመር ብስክሌቱን አይጎዳውም።

የሁለቱ ዓይነቶች ጎን ለጎን መኖር አዲስ ወጥመድ ማስከተሉም አልቀረም። ለ16 ተርታ ፎስፌት የተሠራ መሙያ እስከ 58.4 ቮልት ይሰጣል። ይህን መሙያ በ13 ተርታ ባትሪ ላይ የሰካ ሰው እያንዳንዱን ሴል ወደ 4.5 ቮልት ይገፋዋል። ሁለቱም በገበያ «ባለ 48 ቮልት» ተብለው ይጠራሉ፤ መሰኪያቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በዚያች ሌሊት በሴሎቹና በእሳቱ መካከል የቆመው ያ ትንሽ ሰሌዳ ብቻ ነው።

በሴሎቹ ላይ በተጻፈው የአምፔር ሰዓት ቁጥር ብቻ የተመሩም ተሳስተዋል። የሞተሩ መቆጣጠሪያ 25 አምፔር ቢስብና 4 ሴሎች በትይዩ ቢሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ6 አምፔር በላይ ነው። ለላፕቶፕ የተሠራው ሴል ብዙ ጊዜ ለዚህ አልታሰበም፤ ዳገት ላይ ይግላል። አሮጌና አዲስ ሴል መቀላቀልም እንዲሁ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ይራገፋል። የማያያዣው ሥራ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። በብየዳ ካውያ ቆርቆሮ ማቅለጥ ሴሉን በሙቀት ስለሚጎዳው የኒኬል ጥብጣብ በነጥብ ብየዳ ይጣበቃል። ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ ፊውዝ ይኖረዋል። ባትሪው በቴላዮው ላይ እየተንቀጠቀጠ ሽፋኑ ተፍቆ፣ በየሰፈሩ «ኮንታክት» የሚባለው እንዳይፈጠር ተጠብቆ ይታሰራል። ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው አገሮች ደግሞ በውርጭ የቀዘቀዘን ባትሪ ወዲያው መሙላት ያንኑ ብረታዊ ሊቲየም ያስለጥፋል።

ይህ ሁሉ የጥቂት ወዳጆች የእጅ ሥራ ሆኖ በቀረ ነበር። በኒውዮርክ ግን ምግብ የሚያመላልሱ ሠራተኞች ብስክሌቱን መተዳደሪያ አደረጉት፤ ከአሮጌ ሴል የተገጣጠመ ርካሽ ባትሪም ገበያ አገኘ። በዚያች ከተማ በ2023 ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞቱ። የከተማው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣቸው ሕጎች የደኅንነት ምርመራ ያላለፈ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ፣ ከአገለገለ ባትሪ በወጣ ሴል ተገጣጥሞ የተሠራም እንዳይሸጥ ከለከለ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ሥራቸውን የጀመሩበት መንገድ በሕግ የተዘጋው እንዲህ ነው። ሕጉ ጨካኝ መስሎ የታያቸው አልጠፉም፤ እሳቱ የሚነሣው ግን በሠሪው ጋራዥ ሳይሆን ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ነበር።

በቻይናም ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የጸናው ደንብ የብስክሌቱን ክብደት በ55 ኪሎ ግራም ወሰነ። ይህን ልክ በእርሳስ ማሟላት ስለሚያስቸግር ፋብሪካውም ገዢውም ወደ ሊቲየም አዘነበሉ። በፌብሩዋሪ 2024 በናንጂንግ ከተማ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከቆሙበት የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት የተነሣ እሳት 15 ሰዎችን ገደለ። ደንቡም እንደገና ተሻሻለ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጸናው አዲስ ደረጃ የእርሳስ ባትሪ ለሚጭን ብስክሌት የተፈቀደው ክብደት ከ55 ወደ 63 ኪሎ ግራም ከፍ ብሏል። ፕላንቴ በ1859 የሠራው ባትሪ ከአንድ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመት በኋላ የስምንት ኪሎ ግራም ፈቃድ አገኘ።